ጭቃው ሳይቦካ ትርኢቱ አይጀመር

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በእንጦጦ ጀርባም ሆነ በአቃቂ ሜዳ፣ ገላን ከአፈር ጋር አዋሕዶ ሥርዓት ያለው ትርኢት ማሳየት የሚፈልግ አርቲስት ከካሜራው በፊት ጭቃውን ማሰብ አለበት። ጭቃው የሚፈልገው ጊዜና ድካም ነው ሥርዓቱ። በዋዜማው ተቦክቶ ገላ ላይ የተለቀለቀ አፈር ለፎቶግራፍ ያምር ይሆናል እንጂ ሥራ አይሆንም።

በዚህ ዘርፍ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው በ1948 እ.ኤ.አ. ሃቫና የተወለደችው አና ሜንዲዬታ ናት። ከ1973 እስከ 1980 በአሜሪካዋ አይዋ ግዛትና በሜክሲኮ የገላዋን ቅርጽ በጭቃ፣ በአሸዋ፣ በአበባና በእሳት መሬት ላይ አኑራለች። የቀረን ፎቶግራፍና ፊልም ስለሆነ ብዙዎች የሚኮርጁት ፎቶግራፉን ነው። ቅርጹን ዝናብ እንዲያፈርሰው፣ ሣር እንዲውጠው መተዋ ግን የሥራው አካል ነበር።

ለእኛ ደግሞ ቅርብ ምሳሌ አለን። መካኒሳ አካባቢ፣ በኪውሬተሯ መስከረም አሰግድና በአርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ተሠርቶ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ቅርጻ ቅርጹም የወጣው ከዚያው ጭቃ ነው። በየገጠሩ ቤት የሚመረግበት ጥበብ እዚያ የኪነ ጥበብን ክብር አግኝቷል።

ለትርኢቱም አርአያው ይህ የቤት ምርጊት ነው፤ ምርጊት የሚጀምረው ከአፈር መረጣ ነው። የእንጦጦ ቀይ አፈር ይስማማል። የአቃቂና የቦሌ ዳርቻ ጥቁር ዋልካ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከሌላ አፈር ወይም ከአሸዋ ጋር ካልተደባለቀ አይታመንም። መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ አበጅቶ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው፤ ስንጥቁ ጥፍር ካስገባ አሸዋና ጭድ ይጨመራል። ጠርሙስ ስባሪና ሚስማር በከተማ ዳር አፈር ውስጥ ስለማይጠፋ ሳይነፋ አይረገጥም።

ከዚያ የጤፍ ጭድ ተነስንሶበት፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በእግር ይረገጣል። በየሦስት ቀኑ ውኃ እየጨመሩ እንደገና እየረገጡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስትና አራት ማቆየት ያስፈልጋል። ጭዱ ሲበሰብስ ይለሰልሳል፣ ጭቃው ይሸታል፣ ይሙለጨለጫል፤ ያን ጊዜ የግድግዳውን እንጨት ይይዛል። ያልቦካው ጭድ ግን እንደቆመ ይቀርና ሲደርቅ ምርጊቱን ይዞ ይወድቃል። ሁለተኛው ምርጊት ሲደረብ የፊተኛው ውኃ ይረጭበታል፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ እርጥበት መጥጦ ያራግፈዋል። ጓሉንና ጠጠሩን የሚያገኘው ባዶ እግር ነው። ገላና መሬት በትክክል የሚተዋወቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተመልካች ሊጠራ የሚገባውም በርግጫው ቀን ነው።

ገላን በጭቃ የሚቀባ ሰው ቁስል ካለበት ይተው፤ የቴታነስ ክትባቱንም ያረጋግጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እንጦጦ ላይ እርጥብ ጭቃ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፤ ጥርስ መንገጫገጭ ሲጀምር ትርኢቱ ይቁም። የደረቀውን በለብ ያለ ውኃ አርሶ ማንሳት ነው፤ ልጦ ማንሳት ቆዳን ይጎዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በባዶ እግር ዙሪያ የሚነገረው ውዳሴ ነው። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ የደጋ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መኖር በትንኝ ከሚተላለፈው የፊላሪያ ትል ጋር የማይገናኝ የእግር ዝሆኔ ያመጣል። ጫማና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ለአርቲስቱ ባዶ እግር ምርጫ ነው፤ ቀን ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ጭቃውን የሚረግጡት ሰዎች ውኃ፣ ሳሙናና ሲወጡ የሚያጠልቁት ጫማ ይቅረብላቸው። ክፍያቸው እያንዳንዱን የርግጫ ቀን ይሸፍን፤ ስማቸውም ከፈቀዱ ከአርቲስቱ ስም ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።