የግሪክ ምግብ ለጾመኛ አይሆንም ለተባለው

«ግሪክ ምግብ ቤት በጾም ሄዶ ከሰላጣ ሌላ የሚበላ የለም» የሚለው አልተዋጠልኝም። ግሪኮችም እኮ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዐቢይ ጾምን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክለው ይጾማሉ፣ ፋሲካንም የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ነው፤ ባለፈው ሁዳዴ እናቴን ሰፈራችን ወዳለ ግሪክ ቤት ወሰድኳት። አስተናጋጁ መጀመሪያ «የጾም የለንም» አለን። ሜኑውን ራሴ ሳነበው ግን በቲማቲም የበሰለ ትልልቅ ነጭ ቦሎቄ፣ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠልና ፋቫ አገኘሁ። ፋቫ የሚሠራው ከቢጫ አተር ክክ ነው፤ በደንብ ደቆ የወይራ ዘይትና ጥሬ ሽንኩርት ይደረግበታል። እናቴ አንዴ ቀመስ አድርጋ «ይሄማ ክክ አልጫ ነው፣ እርዱ ነው የቀረው» አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው፣ ደስ አለኝ። «በጾም የባሕር ምግብ እዘዙ» ለሚሉ ደግሞ፦ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ለእነሱ የጾም ነው፣ በእኛ ሥርዓት ግን አይበላም። ዛዚኪ የሚባለው ማጥቀሻ እርጎ አለበት፣ ታራማ የሚባለው ደግሞ ከዓሣ እንቁላል የሚሠራ ነው፤ ሁለቱንም ሳያውቁ በዳቦ አጥቅሰው የሚበሉ ጾመኞች አይቻለሁና ከማዘዛችሁ በፊት ምን እንዳለበት ጠይቁ።