ወዳጅነት ብቻውን አያሳርፍም

ስለ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ያነበብኩት ጽሑፍ «የኔቶ አገሮች ተዋጊ ጄቶች አንዱ በሌላው መርከብ ላይ እንደልብ ያርፋሉ» ይላል። «እንደልብ» የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም።

እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ነው የምሠራው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች በየቀኑ እናያለን። የተሳቢው ፒንና የፍሬኑ የአየር ቱቦ ከሳቢው ጋር ካልገጠመ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ሹፌሩና የተሳቢው ባለቤት ወንድማማቾች ቢሆኑም ያው ነው።

መርከቦቹ ላይም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ራፋል የሚባሉ 12 የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች በአሜሪካው ጆርጅ ቡሽ መርከብ ላይ ሲነሱና ሲያርፉ ሰንብተዋል። ለምን ቻሉ? የራሳቸው መርከብ የሻርል ደ ጎል የእንፋሎት ማስወንጨፊያ፣ ማለትም ጄቱን ገፍቶ የሚያስነሳው መሣሪያ፣ አሜሪካ ሠራሽ ነው። የፊት ጎማው እግር ከማስወንጨፊያው ጋር ይገጥማል፣ የጭራው መንጠቆም የማቆሚያውን ገመድ ይይዛል። አለቀ።

እንግሊዝ ግን ማስወንጨፊያም ማቆሚያ ገመድም የሌላቸው ሁለት መርከቦች ሠራች። ራፋል እዚያ ምን ይሠራል? በ2021 ከሁለቱ አንዷ በሆነችው «ንግሥት ኤልሳቤጥ» መርከብ ላይ ተጭነው የሄዱት 10 የአሜሪካ ማሪን ጦር ጄቶች ኤፍ-35ቢ ናቸው። ቀጥ ብለው መውረድ ይችላሉ፣ ገመድ አይፈልጉም።

የሚያስቀው ደግሞ፣ በአንድ አገር ውስጥም አለመግጠም አለ። የአሜሪካ አየር ኃይል ጄቶች በአብዛኛው አየር ላይ ነዳጅ የሚቀዱት በዘንግ ነው። የባሕር ኃይሉ ግን በቱቦ። ስለዚህ ኬሲ-135 የሚባለው የአየር ኃይሉ ነዳጅ አዳይ አውሮፕላን የባሕር ኃይሉን ጄቶች ለመሙላት ዘንጉ ጫፍ ላይ ቱቦ ይቀጠልለታል። ልክ እንደ እኛ ጋራዥ!

ጸሐፊው ሌላ ጊዜ ስለዚህ ቢጨምርልን ደስ ይለኛል።