ጋቢ ሻርፕ አይደለም፣ ጥበብም ጥልፍ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንጀቴ አርሯል፤ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ዕቃ የምታስመጡ፣ ለማስመጣት የምታስቡ፣ ከአገር ቤት ጋቢ ተልኮላችሁ ያልጠበቃችሁት ሂሳብ የመጣባችሁም አንብቡልኝ።

እዚህ ሜሪላንድ ከሥራ ሰዓቴ ውጪ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ሥራ አስመጥቼ እሸጣለሁ። ሰሞኑን ሦስት ካርቶን ገባልኝ። 30 ጋቢ በ900 ዶላር፣ 20 የአልጋ ልብስ በ1,100፣ 25 የጠረጴዛ ልብስ በ400፤ በድምሩ 2,400 ዶላር። ሆነ ብዬ ነው ከ2,500 በታች ያደረግኩት፤ ከዚያ ካለፈ አሠራሩ ይጠብቃል፣ ቦንድ የሚባለው ዋስትና ይመጣል፣ የእኔን ዓይነት ሰው አቅም አይችለውም።

ካርቶኑን ከመክፈቴ በፊት ብሮከሩ (የጉምሩክ ጉዳዬን የሚያስፈጽምልኝ ሰው) ያስገባልኝን ወረቀት አነበብኩ። ጋቢው በሙሉ «ሻርፕ» ተብሎ ገብቷል። የአልጋ ልብሱ «ጥልፍ ያለበት» ተብሏል። የጠረጴዛ ልብሱ የስሪት አገር ደግሞ ህንድ! ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ከታች እየረገጡ፣ በእጃቸው መወርወሪያ እየወረወሩ የሠሩትን ጨርቅ ህንድ ሠራው ተባለ። ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ ነው የመጣው።

ደወልኩለት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። «እህቴ፣ የልዩነቱ ብር ትንሽ ነው፤ ዕቃሽ ገብቷል፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ።

የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ።

በአሜሪካ የታሪፍ መጽሐፍ ሻርፕ፣ ሻል፣ የአንገት ልብስ 6214 የሚባል ቁጥር ውስጥ ነው፤ የጥጡ ቀረጥ 11.3 በመቶ። ብርድ ልብስ 6301 ነው፤ የጥጡ 8.4 በመቶ። ጋቢ የቱ ነው? እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛውም ለብሮከሩም አዝናለሁ፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። አባቴ ማታ ለብሶት ይተኛል፣ ጠዋት ያንኑ ተከናንቦ ቡና ይጠጣል፣ ለቅሶ ቤት ለብሶት ይሄዳል። አንድ ጨርቅ ነው፣ ሥራው ግን ሦስት አራት። ታሪፉ ደግሞ ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ግን ቢያንስ ይጠየቅ! ሻል ማለት ራስና ትከሻ የሚሸፍን ነገር ነው። ነጠላ ከሆነ እሺ፣ አልከራከርም፣ ነጠላ እዚያው ይግባ። ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ትልቅ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ይሸፍናል፤ እኔም ለሶፋና ለአልጋ ብዬ ነው የምሸጠው። ቡሉኮ ብልክ ኖሮ ምን ሊሉት ነበር? አንድ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ በእጁ ቢነካው ይገባው ነበር። ማንም አልነካውም። ከኢትዮጵያ የመጣ፣ ጥጥ፣ ነጭ፣ ዳሩ ባለቀለም፤ «ሻርፕ» ተጻፈ፣ አለቀ።

ከዚህ የባሰው የአልጋ ልብሱ ነው። የጥጥ የአልጋ ልብስ ሲሸመን እንዳለ ከሆነ 4.4 በመቶ ይከፍላል። ጥልፍ፣ ዳንቴል ወይም ሌላ የተጨመረ ጌጥ ካለው ወደ 12 በመቶ ይዘላል። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ብሮከሩ በፎቶው ላይ ዳሩን አየ፣ ቀለም አየ፣ «ጥልፍ» ብሎ ደመደመ።

ጥልፍ ማለት ሸማኔው ጨርቁን ጨርሶ ከሽመና ዕቃው ካወረደ በኋላ ሌላ ሰው መርፌ ይዞ ያለቀውን ጨርቅ እየወጋ የሚሠራው ነው። በጉምሩክ ሕጉም አነጋገር ጥልፍ የሚባለው ቀድሞ በተሠራ ጨርቅ ላይ የሚሠራው ነው። ጥበብ እንደዚያ አይደለም። አንዱን የአልጋ ልብስ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ገለበጥኩት፤ በመርፌ ጫፍ አንዱን ቀይ ክር ከዳሩ ላላ አድርጌ ተከተልኩት። ማጉ በሄደበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ በድሩ መሐል ገብቶ ጥቂት ድር በላዩ ያልፋል፣ ጥቂት በሥሩ ያልፋል፣ ቀጥሎ እንደገና ነጩ ማግ አለ፣ ቀጥሎ ቀዩ። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ። መርፌ የወጋው ቀዳዳ የለም፣ ከጀርባ የታሰረ ቋጠሮ የለም። ሸማኔው ነጩን ወርውሮ፣ ቀዩን በጣቱ አስገብቶ፣ መትቶ፣ እንደገና ወርውሮ ነው ያንን ያወጣው። አንድ ስንዝር ጥለት ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚጎነበስ በዓይኑ ያየ ሰው «ጥልፍ» ሊለው አይችልም። ጥበቡ የጨርቁ አካል ነው፤ አብሮ ተወለደ እንጂ በኋላ አልተለጠፈበትም።

በብር እናስላው ካላችሁ፣ የአልጋ ልብሱ 48 ዶላር ከ40 ሳንቲም መክፈል ሲገባኝ 132 ከፈልኩ። ጋቢው 75 ከ60 መሆን ሲገባው 101 ከ70። ይህ መደበኛው ቀረጥ ብቻ ነው፣ በላዩ የሚጨመረውን ሌላ ሌላ አልቆጠርኩትም። በድምሩ 109 ዶላር ከ70። ለትልቅ አስመጪ ይህ ምንም ነው። ለእኔ ግን የሁለት የአልጋ ልብስ መግዣ ነው፣ ሁለት የአልጋ ልብስ ደግሞ ለሸማኔው የስንት ቀን ሥራ ነው።

አሁን ህንድ ወደተባለው ልምጣ፣ ያቃጠለኝ እሱ ነውና።

ኢንቮይሱ ላይ በእውነት ጻፍኩ፤ የጠረጴዛ ልብሱ ድር ከህንድ የገባ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ ነው ብዬ። ብሮከሩ «ህንድ» የሚለውን ቃል አየና የስሪት አገር ቦታ ላይ ገለበጠው። እውነቱን መጻፌ እኔኑ ጎዳኝ። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1996 ጀምሮም በሥራ ላይ ነው፤ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ የመሳሰሉት የቤት ጨርቆች የስሪት አገራቸው ጨርቁ የተሸመነበት አገር ነው። ክሩ የተፈተለበት አይደለም፣ ተቆርጦ የተሰፋበትም አይደለም፣ የተሸመነበት ነው። ህንድ ራሷ ይህን ደንብ በ2002 ዓለም ንግድ ድርጅት ድረስ ወስዳ ተከራክራበት በ2003 አልተሳካላትም። አውሮፓውያን ከዚያ በፊት ተጋፍተው በ2000 ትንሽ በር አስከፍተዋል፤ ቀለም መንከርና ማተም ከሌሎች ማጠናቀቂያ ሥራዎች ጋር ሲደመር ለአንዳንድ ጨርቅ የስሪት አገር ሊሰጥ ይችላል። የጥጥ ጨርቅ ግን ከዚያ በር ውጪ ነው፤ ከክብደቱ 16 በመቶና ከዚያ በላይ ጥጥ ያለበት ድብልቅም እንደዚያው። ስለዚህ ለእኛ ሸማ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ የት ተሸመነ? ሽሮ ሜዳ። በቃ።

እኔ ይህን ሕግ ስረዳ ደስ ነው ያለኝ። ሸማኔውን ከነጋዴው፣ ከሰፊውና ከክር ሻጩ አስቀድሞ የሚያይ ሕግ ነው። በእኛ አገር እንኳ ለሸማኔ እንዲህ ያለ ክብር ስንት ጊዜ ተሰጠ? «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ነን እኮ። አሁን በሩቅ አገር ሕግ የተሰጠውን ስም አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በአንድ ቃል ቀማው።

አክስቴ ስልኩን ለሸማኔው አቀበለችልኝ። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ህንድ ተሠራ ይላል» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ክሩን ከመርካቶ ገዛሁት እንጂ እጁማ የእኔ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ምን ልበላቸው?

አሁን ደግሞ ወደራሳችን። ዝም ብዬ ብሮከር ብቻ ብወቅስ ሐሰተኛ እሆናለሁ።

በማሽን የተሸመነ፣ ጥበብ የሚመስል የቻይና ጨርቅ በጥቅል ገብቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ዳሩ ተቀምቅሞ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የሚል ታግ ተሰፍቶበት እዚህ ድረስ ይመጣል። የጠረጴዛ ልብስ አለ፣ የመጋረጃ አለ። ቅድም በነገርኳችሁ ሕግ ያ ዕቃ የቻይና ነው። መቀምቀም አገር አይቀይርም። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ብዙ የቻይና የቤት ጨርቅ ላይ 7.5 በመቶ ተጨማሪ ስለተጣለ፣ ያንን «ኢትዮጵያ» ብሎ ማስገባት ቀረጥ ማጭበርበርም ነው። አንድ ሰው ይህን ባደረገ ቁጥር የእኛ ካርቶን ይጠረጠራል፣ ጋሼ የሠሩት ከማሽን ሥራ ጎን ተሰቅሎ በግማሽ ዋጋ ይለካል። ደንበኛ መጥታ «ይሄ እኮ እዚያ ሱቅ 15 ዶላር ነው» ስትለኝ ምን ብዬ እንደማስረዳት ይጨንቀኛል። እያገላበጥኩ አሳያታለሁ፣ አንዳንዷ ይገባታል፣ አንዳንዷ ትሄዳለች።

ሌላም አለ። ሁላችንም ኢንቮይስ ላይ «የባህል ልብስ» ብለን ነው የምንልከው። ይህ ለጉምሩክ ምንም አይነግረውም። ስም ከቤት ይወጣል ጎረቤት ይከተላል ይባላል፤ እኛ ስም ካልሰጠነው የሰጡትን ስም ይዞ ይቀራል። ድሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ፓኬት ያለ ቀረጥ ያልፍ ስለነበር ማንም ግድ አልነበረውም። ያ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ተነስቷል። ደንበኛ ያዘዘችው አንድ ጋቢ እንኳ ዛሬ ኮድ፣ ማለትም የታሪፍ ቁጥር፣ ይፈልጋል።

ስለዚህ እኔ ከአሁን በኋላ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ የሚጠቅመው ይውሰደው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ እጽፋለሁ፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ርዝመትና ስፋቱን፣ ክብደቱን፣ ስንት ድርብ እንደሆነ፣ በእጅ መሸመኑን፣ ጥለቱ አብሮ የተሸመነ እንጂ ጥልፍ አለመሆኑን። «ክሩ ከዚህ መጣ» የሚለውን ከ«የተሸመነው እዚህ ነው» ከሚለው በግልጽ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አያይዛለሁ። ታጉ ላይ የስሪት አገሩና የጥጡ መጠን በእንግሊዝኛ፣ በማይለቅ አሠራር መሆን አለበት፤ በትክክል ምልክት ያልተደረገበትና ሳይስተካከል የቀረ ዕቃ 10 በመቶ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። ብሮከሩ ከማስገባቱ በፊት ረቂቁን እንዲያሳየኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ እምቢ ካለ ሌላ እፈልጋለሁ።

ለአሁኑ ዕቃ ተቃውሞ አስገባለሁ፣ ለዚያ 180 ቀን አለኝ። ለሚቀጥለው ደግሞ ጉምሩክን አስቀድሜ ልጠይቅ ወስኛለሁ። ገና ላልገባ ዕቃ ጽፈህ ስትጠይቅ ኮዱንና የስሪት አገሩን ወስነው በጽሑፍ ይመልሳሉ፣ ክፍያ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ መልሱም ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ይቀመጣል። ቢሮው ብርድ ልብስ ነው ካለ ብርድ ልብስ፤ ሻል ነው ካለም እከፍላለሁ፣ ግን ዓይቶት፣ ነክቶት ይበል።

ለናሙና አንድ ጋቢና አንድ የአልጋ ልብስ መርጫለሁ። የአልጋ ልብሱን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ነው ያጠፍኩት፣ ፖስታውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ቀዩ ክር በድሩ መሐል ሲገባ እንዲሆን። ሰኞ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። መልሱ እንደመጣ እዚሁ እለጥፍላችኋለሁ። እናንተስ ጋቢያችሁ በምን ስም ነው የገባው? ወረቀቱ ያላችሁ ኮዱን ከታች ጻፉልኝ።