«ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የተባለው ቆርቆሮ

የጣሪያ ቆርቆሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ እኛ እሱን ካገለገልነው! በየወቅቱ መሰላል ተሸክሞ መውጣት ግድ እንደሆነ ግን ሲሸጥልን ማንም አልነገረንም። ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ቆርቆሮ በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መልሶ ያጥራል። ይህ መላወስ ሚስማሩን ያላላል፣ የብሎኑን ቀዳዳ ያሰፋል። ከብሎኑ ራስ ሥር ያለችውን ክብ ጎማ ደግሞ ፀሐይ አድርቃ ትሰነጥቃታለች፤ ጣሪያን ያህል ነገር ለዚያች ቁራጭ ጎማ አደራ መስጠት!

ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። የሚያንጠባጥበው እንኳ ከቀዳዳው ትክክል ሥር አይደለም፤ ውኃው በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ይወርዳል። ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ጠጋኙስ? የቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ ቆሞ ያጎብጠዋል፤ በመቁረጫ ማሽን ቆርጦ የብረት ብናኙን ሳይጠርግ ይወርዳል። ያ ብናኝ ዝናብ ሲነካው ዝጎ ደህናውን ቆርቆሮ ያዥጎረጉረዋል። አሸንዳው በቅጠል ታፍኖ እያየ አልፎት ይሄዳል፣ «እሱ ሌላ ሥራ ነው» ብሎ። በበጋ ሲጠራ ቀጠሮ የሚያበዛው ይኸው ሰው፣ ሰማዩ ሲጠቁር ስልኩን ያጠፋል።