ሮጉን ወደ በሩ መልሱት

ሀዋሳ ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የምንጫወት ጥቂት ነን። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን ገጸ ባሕርይ ሆነን እንጫወታለን፤ የሞከርነው መሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ካፌ ውስጥ ጥግ እንይዛለን፤ ማኪያቶ እናዛለን፤ ዳይሱን በስልክ እንጥላለን። አዲስ የመጣ ሁሉ ሮግ፣ ማለትም ድሮ ሌባ ይባል የነበረው ገጸ ባሕርይ፣ መሆን ይፈልጋል። ለምን ሲባል «ዳሜጁ (ጠላት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት) አሪፍ ነው» ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ይህ መልስ ነው።

ጨዋታው በፈረንጆቹ 1974 ሲወጣ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩ። ሌባው የተጨመረው በ1975 ነው። ጡንቻ የለውም። ቁልፍ ይከፍታል፣ ወጥመድ ያከሽፋል፣ ኪስ ያወልቃል፣ ኮሽ ሳይል ይሄዳል። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ የጀማሪው ሌባ ዕድል እንዲህ ነው፦ ቁልፍ መክፈት 25 በመቶ፣ ወጥመድ 20፣ ጥላ ውስጥ መደበቅ 10። ግድግዳ መውጣት ብቻ 85። ከአምስት ወጥመድ አራቱን አይችልም ማለት ነው። ግን ከእሱ ሌላ የሚሞክር የለም። ስለዚህ ጎንበስ ሲል ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያየዋል። ከኋላ ሾልኮ ሲወጋ ጉዳቱ እጥፍ ነበር፤ የሚፈለገው ግን ለዚያ አልነበረም።

በ1989 ተጫዋቹ 60 ነጥብ በሌባው ችሎታዎች ላይ እንደፈለገ እንዲያከፋፍል ተፈቀደለት። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። አንዱ የቁልፍ ሰው፣ ሌላው የኪስ ሰው መሆን ቻለ።

በ2000 ነገሩ ተገለበጠ። ሌባው ሮግ ተባለ። ጓደኛው ከጠላት ማዶ ከቆመለት ለጉዳቱ ተጨማሪ ዳይስ ይጥላል፤ ሌቭሉ ሲያድግ ዳይሱም ይበዛል። በ2008 ደንቡ ራሱ ዋና ሥራው ጠላት መምታት ነው አለ። በ2014 ደግሞ የቁልፍ መክፈቻ መሣሪያውን የተማረ ተዋጊም ቁልፍ ይከፍታል።

ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ድሮ ውጊያ ሲጀመር ሌባው የሚሠራው ነገር ያጥረው ነበር። ያ ይመለስ አልልም። የ2024ቱም እትም ደስ ይላል፤ ሮጉ ከ5ኛ ሌቭል ጀምሮ ከጉዳቱ ዳይስ የተወሰነውን ትቶ ጠላቱን መጣል ወይም መመረዝ ይችላል። እሱም ግን ያው ውጊያ ነው።

ስለዚህ ጨዋታ የምትመሩ ሰዎች፣ ዳይስ ከማስጣላችሁ በፊት ለሮጉ በሩን አሳዩት። ቁልፉ ዝጓል? ከበሩ ደፍ ሥር ቀጭን ሽቦ አለ? ምን ታደርጋለህ በሉት። በቅርቡ አንዷ ሮጋችን የኮዳዋን ውሃ ወለሉ ላይ አፈሰሰች። ውሃው በአንድ ስንጥቅ ሰረገ። ወጥመዱ እዚያው ነበር። ዳይስ የነካ የለም፤ ጠረጴዛው ግን በጩኸት ተናወጠ። እንዲህ ያለ በር በየጨዋታው አንድ ይበቃል።