በሳንቲም የሚለይ ወገን

ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ለአንድ ልጅ በዓመት የሚከፈለው ከእኔ ደመወዝ ይበልጣል፤ ልጆቹ ግን፣ አልዋሽም፣ ሳያመሰግኑኝ አይወርዱም።

በቀደም ለክርክር ወደ ጎረቤት ከተማ ወሰድኳቸው። ርዕሱ «የብሪታንያ ግዛት ለዓለም በጀ ወይስ ጎዳ?» የሚል ነው። ማን ደጋፊ፣ ማን ተቃዋሚ እንደሚሆን የሚለዩት ሳንቲም ወርውረው ነው። ሲሄድ የሕንድን የባቡር ሐዲድ ሲያወድስ የነበረው ልጅ፣ ሲመለስ ለልምምድ ብሎ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሕንድ ውስጥ የደረሰውን፣ በእነሱ አቆጣጠር የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ ያነሳል። ድምፁ እንኳ አይለወጥም። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ቆይቶ ግን ቀናሁ።

የቀናሁት የዩኒቨርሲቲ ዶርማችን ትዝ ብሎኝ ነው። ስድስት ሆነን በምናድርባት ክፍል አንድ ምሽት የምኒልክ የደቡብ ዘመቻ ተነሳ። የአንኮበሩ ልጅ «ማቅናት» አለ፤ የአርሲው «ወረራ» አለ። ሳንቲም የወረወረ የለም፣ ወገናችንን ይዘን ነው የተወለድነው። የአርሲው ልጅ፣ አያቱ በዘመቻው ጊዜ እጅና ጡት ተቆረጠበት ስለሚባለው አኖሌ የነገሩትን ሲያወራ የአንኮበሩ ሳቀ። ሁለቱ እስክንመረቅ ድረስ ሻይ አብረው አልጠጡም።

የእንግሊዞቹ እርጋታ ግን ዋጋ የከፈሉበት አይደለም። ሳንቲሙ በየትኛውም በኩል ቢወድቅ የንጉሣቸው ነው።

ባለፈው ወር የታሪክ ክፍሉን ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አደረስኩና ተከትያቸው ገባሁ። የልዑል ዓለማየሁ የናስ ሰሌዳ እዚያ አለ። በ1868 በእነሱ አቆጣጠር አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ልጁን ወደ አገሩ ወሰደው፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እሱም እንደነዚህ ልጆች አዳሪ ሆኖ ረግቢ በሚባል ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተና ዊንዘር ተቀበረ። ሰሌዳው «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ይላል። ቤቱን አፍርሶ «ተቀበልኩህ» ማለት!

አንዱ ልጅ አነበበና «ረግቢ ነበር እንዴ? ባለፈው ሳምንት አሸነፍናቸው እኮ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አጽሙን ለምን አይመልሱላችሁም?» ሲል ጠየቀኝ። በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎቹን አጽም ይረብሻል ብሎ እንዳልፈቀደ ነገርኩት።

አሰበበት። «ጥሩ የክርክር ርዕስ ይወጣዋል» አለና ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።