ክቡር ሲስተም

«ሲስተም የለም።»

ይህችን ሁለት ቃል ለፈለሰፈ ሰው ሐውልት ሊቆምለት ይገባል። ድሮ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳይን ለመመለስ ስንት ይደክም ነበር! አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፣ ፋይሉ አልተገኘም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ውሸት፣ ለእያንዳንዱ ውሸት አዲስ ፊት። ዛሬ ሁለት ቃል ይበቃል። ባለጉዳዩም አይቆጣም፤ መርዶ እንደሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ግድግዳውን ይደገፋል። አለቃ ይታማል፣ ሹም ይሰደባል፤ ሲስተምን ግን ደፍሮ ክፉ የተናገረው አላየሁም።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ያሳፍራሉ። በ1880ዎቹ ስልክ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚናገረው ሰይጣን ነው ብለው የተቆጡ ካህናት እንደነበሩ ይወሳል። ኋላ ቀርነት ማለት ይኼ ነው፤ ዕቃ ሲናገር «ማነው የሚናገረው?» ብሎ መጠየቅ! እኛ ሠልጥነናል። ማንም ይናገር፣ ከየትም ይናገር፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነን እናልፋለን። በምን እንደተስማማን የጠየቀን የለም፤ ቢጠይቀንም ነገሩ አይመለከተንም።

ወላጆቻችን ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ ፍለጋ አገር ያቋርጡ ነበር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኮከቡን ራሳችን እንነካለን፤ ኮከብ 127 መሰላል። ብሩ በየት ወጥቶ በየት ይገባል ብሎ የሚጨነቅ የለም። በኮከብ ይወጣል፣ በመሰላል ይወርዳል፣ በቃ።

መተማመናችንም ይደነቃል። «የሚስጥር ቁጥር» የሚባል ነገር አለ፤ የሰፈራችን ባለሱቅ የግማሹን መንደር ሚስጥር በቃሉ ይዞታል። ስልኩን በመስኮቱ አቀብለው ቁጥሩን እስከ ታክሲ ተራ በሚሰማ ድምፅ ይነግሩታል፤ «አንተው ንካልኝ ልጄ!» ሚስጥር ከወዳጅ ይደበቃል እንዴ?

ስልኩ እምቢ ሲልም ሕክምናው አልጠፋንም። መጀመሪያ አጥፍቶ ማብራት፤ ካልተሻለው ጎኑን መታ መታ፤ ከጠናበት ሲም ካርዱን አውጥቶ እፍ ማለት። እፍታው ምን እንደሚፈውስ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እፍ የማይልም አልገጠመኝም። (እኔ ሁለት ጊዜ እላለሁ።)

ባለፈው ሳምንት አንድ ባንክ ሲስተም ሄዶ እርሱን በመጠበቅ ቆመናል። ከሁላችን ፊት ነጭ ነጠላ ያጣፉ፣ የቁጠባ ደብተራቸውን በመሐረብ የጠቀለሉ አንዲት እናት አሉ። ደብተሩን ገልጠው ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳረፉና «ይኸው፣ እናንተው በእጃችሁ የጻፋችሁት ነው፤ ሦስት ሺህ ብቻ ስጪኝ» አሏት ሠራተኛዋን። እሷም በትሕትና «ሲስተም የለም እማማ» አለች።

«የት ሄዶ ነው?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ያልሠለጠነ ጥያቄ ከሰማሁ ዘመን የለኝም።

ከኋላ ቦርሳ ያነገተ አንድ ወጣት ግን፣ ምን አገባው እንደሆነ እንጃ፣ ጠጋ ብሎ ያስረዳቸው ጀመር። እዚህ ያሉት ኮምፒውተሮች የማንንም ሂሳብ አይዙም፤ የሁላችንም ሂሳብ ያለው ሌላ ቦታ በተቀመጠ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ይኼኛው በመስመር «የእኚህ እናት ስንት ነው?» እያለ ይጠይቀዋል፤ መንገድ ቆፋሪ መስመሩን ከበጠሰው መጠየቂያ የለም፤ ብሩ እዚሁ ካዝና ውስጥ ቢኖርም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ነውር ነው! ስንት ዘመን አክብረን የኖርነውን ሲስተም በሦስት ደቂቃ ገመድ አድርጎት ቁጭ።

እማማ አዳምጠው ጨረሱና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንግዲያ ገመድ ነዋ! ታዲያ የተበጠሰውን የሚቀጥል ሰው ልካችኋል?»

ሠራተኛዋ ስክሪኑን አየች። ስክሪኑም እሷን። እኛ ጣሪያውን፣ ጫማችንን፣ ስልካችንን አየን። ደግነቱ በዚያው ቅጽበት የጥበቃ ሠራተኛው ከበሩ ላይ «መጣ! መጣ!» ብሎ አወጀና፣ እልል ሊል ጥቂት የቀረው ሕዝብ ወደ መስኮቱ ተመመ። ግፊያው ሲበርድ እማማ በሰልፉ ሰባተኛ ሆነው ደብተራቸውን መልሰው በመሐረቡ ይጠቀልሉ ነበር።